አቧራው የተኛ ጊዜ

አባቴ ከመምህርነት በጡረታ ከወጡ በኋላ ደብረ ታቦር ዳር፣ ከጥርጊያው መንገድ አጠገብ ባለው ቤታችን ከእኔ ጋር ይኖሩ ነበር። አስም ነበረባቸው። በጋ ሲሆን ባጃጁና ሚኒባሱ የሚያስነሳው አቧራ በበር በመስኮት እየገባ ያፍናቸዋል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መስኮቱን ዘግቼ እርጥብ ጨርቅ እሰቅልበታለሁ፤ ማታ ስመለስ ጨርቁ ደርቆ ጭቃ መስሎ አገኘዋለሁ።

አቧራውን ከሚያስነሱት አንዷ እኔው ነበርኩ። ቢሮዬ ከከተማው ማዶ ነው። ወስዶ የሚመልሰኝ ጎረቤታችን ነበር፤ ሱብሒ ሰግዶ ባጃጁን የሚያስነሳ፣ የልጆች አባት። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን የውኃ ጉድጓድ ሪፖርት ማጠናቀር ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። ለዚያ ብዬ በየቀኑ ከተማውን ማቋረጥ ይኖርብኝ እንደሆነ አስቤው አላውቅም።

የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ «የሚችል ከቤቱ ይሥራ» ተባለ። ላፕቶፔን ይዤ መጣሁና አባቴ ከሚተኙበት ክፍል ጥግ ጠረጴዛ አስቀመጥኩ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርኩም እንደ ልቡ ነው፤ ቢሆንም ሥራው አልተጓደለም።

መንገዱ ጭር አለ። ተማሪ የለ፣ ገበያው ሳስቷል፣ ባጃጆቹም ቆመዋል። አንድ ሌሊት ካፊያ ጣል አደረገና የአጥራችንን ግራዋ አጠበው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በማግስቱ ተመልሶ አመድ ይመስል ነበር፤ ያን ሰሞን ግን እንደታጠበ ሰነበተ። አንድ ረፋድ አባቴ ከአልጋቸው ሆነው፣

«እስኪ መስኮቱን ክፈችው» አሉኝ።

«አባዬ፣ ሕመሙ ቢነሳብዎትስ?»

«ግድ የለም፣ ክፈችው።»

ከፈትኩት። የጉና ተራራ ጥርት ብሎ ታየ። አባቴ ሳል ሳያቋርጣቸው አየር ሲስቡ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ሲደግሙ እየሰማሁ እሠራ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሾፌሩ ከበራችን ራቅ ብሎ ቆሞ ሰላም አለን።

«አባባ፣ ፊትዎ ተመለሰ እኮ!»

«አየሩ ነው፣ ልጄ። መንገዱ ሲያርፍ እኔም አረፍኩ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎም፣ «ለእኛ ግን ከብዷል። ባጃጁ ከቆመ ወዲህ ልጆቼን የሚያበላው ወንድሜ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ፣ «የእኔ ጤና በሰው እንጀራ መጣ ማለት ነው» አሉና ተነስተው ገቡ። በማግስቱ ከእህላችን አስሰፍረው ላኩለት፤ በረንዳውን ግን ለጥቂት ቀን ጠሉት።

ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ቢሮ ተመለሱ ተባለ። መንገዱ ደርቆ አቧራው ሲነሳ የአባቴ ሳልም አብሮ ተነሳ። ሌሊት ቁጭ ብለው ሲያነጉ እያየሁ መታገሥ ስላቃተኝ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ከቤት ስሠራ የተጓደለ ነገር አለ?» አልኳቸው።

«የለም። ግን አንቺ ስለቀረሽ አቧራው ይቀራል?»

«በእኔ ብቻ አይቀርም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሥራችን ይኸው ኮምፒውተር ነው። ሁላችንም በየተራ ብንቀር መንገዱ ይቀልለዋል።»

አሰቡበትና ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን ከቤት እንድሠራ ፈቀዱልኝ። እየቆዩም ለሌሎች ባልደረቦቼ ፈቀዱ።

የከበደኝ ለሾፌሩ መንገሩ ነበር። ስነግረው ግን አልተከፋም።

«ከገበያ ዕቃ ማመላለስ ጀምሬያለሁ፤ ለእሱ አታስቢ» አለኝ። «ይልቅ የአባባ ነገር ነው ያሳሰበኝ።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ገበያ ሳይደራ ከወንዝ በጀሪካን ውኃ አምጥቶ ደጃችን ላይ ይረጭ ነበር። ተው ስለው፣ «አባትሽ የእኔም አባት ናቸው» አለኝ። ሌሎቹ ሾፌሮችም እሱን አይተው በእኛ በር ሲያልፉ ቀስ ይሉ ጀመር።

አባቴ ያንን በጋ አላለፉትም፤ በዐቢይ ጾም አረፉ። ሐኪሙ ሳንባቸው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ተጎድቶ እንደነበር ነገረኝ። ቢሆንም የመጨረሻ ወራታቸውን ብቻቸውን አላሳለፏቸውም፤ ሳል ሲይዛቸው ጀርባቸውን የምደግፍ እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ። በቀብራቸው ዕለት ሾፌሩ የሠፈሩን ሙስሊም ጎረቤቶች ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሸኛቸው፤ ሥርዓቱ እስኪያልቅም ከውጭ ቆሞ ጠበቀኝ።