ጀርባውን የሰጠን ሬዲዮ

ባለፈው ሳምንት ሲ.ኤም.ሲ ያለው የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ነበርና፣ ልጄ ሥራ ስለበዛባት እኔ ሄድኩ። አዲስ ያሠሩትን ክፍል አሳዩን። ወንበሩ ጎማ አለው፤ ሰሌዳው በጣት ሲነኩት ይበራል። መምህሩ፣ "እዚህ ፊትና ኋላ የሚባል የለም አባባ፤ ልጆቹ እንደፈለጉ ይዞራሉ" አለኝ። ደስ ይላል አልኩት። እኔም የተማርኩበት ክፍል አንድ ሰሞን እንዲያ ሊሆን ሞክሮ ነበር።

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ አጠና በሚያወርድ መኪና ላይ ጫኝ ነበርኩ። ሹፌሩ እርጅና ተጫጭኖት ስለነበር፣ "መንጃ ፈቃድ ካወጣህ መሪው ያንተ ነው" ብሎኛል። ማንበብ የማይችል ደግሞ መንጃ ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ ሰፈራችን የተከፈተው መሠረተ ትምህርት ገባሁ።

ክፍሉ ባዶ የእህል መጋዘን ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በሬዲዮ ነበር። ኮተቤ ለመምህርነት የምትማር አስቴር የምትባል ልጅ ሬዲዮኑን ትከፍታለች፣ የሚለውን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። አቀማመጣችን እንደ ድግስ ነው፤ ሽማግሌ ከፊት፣ ወጣት በሩ ሥር። ጥቅምት ነበርና ነፋሱ ደጅ ያለውን ባሕር ዛፍ ሲያስፏጨው ከኋላ ምንም አይሰማም። የመሠረተ ትምህርቱ ፈተና እየደረሰ እኔ ገና ስሜን እንኳ አልጽፍም።

ይህን ያየችው አስቴር አንድ ቀን አግዳሚዎቹን በክብ አስደረደረችና ሬዲዮኑን መሐል በርጩማ ላይ አኖረችው። ሁሉም ተቀመጠ፤ ኦቦ በዳዳ ግን ቆመው ቀሩ። የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። እንኳን ጀርባ ሊሰጣቸው፣ ከፊታቸው የሚወጣ ሰው የኋሊት እየተራመደ ነው።

"ይሄ ሬዲዮ ጀርባውን ሰጠኝ" አሉ።

"ኧረ ኦቦ፣ ዕቃ እኮ ነው!" አለች አስቴር።

"ዕቃ ከሆነ እነዚህ ለምን ፊት ፊቱን ያያሉ?"

ወደ እሳቸው አዞረችው። ይሄኔ ማዶ የነበሩት፣ ጸሎቱን በቃል እንጂ በፊደል የማያውቁት የሰፈሩ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ "እኛስ ታዲያ ምን በድለን ነው?" ወደ ቄሱ ስትመልሰው ኦቦ በዳዳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሽማግሌ ተቀይሞ ሲወጣ ቁጭ ብሎ መቅረት ነውር ነውና ሰው ሁሉ ተከተላቸው። እኔም ወጣሁ።

አስቴር በር ላይ፣ "ሰው ከቀረ ክፍሉን ይዘጉታል" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ኦቦ በዳዳ ቤት ሄድኩ። የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ነበር።

"ኦቦ፣ ክፍሉ ከተዘጋ እኔም መንዳቴ ቀረ።"

"ምን ልትነዳ? አህያ?"

"መኪና።"

ሳቁ፤ ከእሸቱም ዘገኑልኝ። "አክብሮት የማያውቅ አስተማሪ ምን ያስተምርሃል?"

"እናንተ ሁላችሁም በሬዲዮኑ ፊት በኩል ሁኑ። ከጀርባው እኔ እቀመጣለሁ።"

ማታ መጡ፤ ሰውም መጣ።

ከጀርባው ብቻዬን ተቀመጥኩ። ለካ የሬዲዮ ጀርባ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ደግሞም ክንዴ ሥር ነው። አስቴር ስትጠይቅ ቀድሜ እመልስ ጀመር። ኦቦ በዳዳ ጆሯቸው ደከም ያለ ነበርና አንድ ቀን ትምህርቱ መሐል ተነሡ። ዞረው መጡና፣ "እስቲ ፈቀቅ በል" አሉኝ። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ቄሱም ወደዚያው መጡ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ኦቦ በዳዳ የተቀመጡበት ሁሉ የክብር ቦታ ነውና ሽማግሌዎቹ በሙሉ ከጀርባው ተጠጋግተው፣ እኔ ተገፍቼ ፊት ለፊቱ ቀረሁ። ፈተናውን አለፍኩ፤ መሪውንም ብዙ ዘመን ያዝኩት።

መምህሩ አስጎብኝቶን ሲጨርስ ልጆቹ ገቡ። እንደተባለውም ማንም ቦታ አልመደበላቸውም። ወዲያው ግን ወንበሮቹ ሁሉ አንዲት ተጫዋች ልጅ ወዳለችበት ጥግ ተንከባለሉ፤ መምህሩም ሳያውቀው ወደዚያው ጠጋ አለ። የክፍሉ ፊት እዚያ ነው አልኩ በልቤ። የልጅ ልጄን ፈለግኋት። ወለሉን በእግሯ እየገፋች ወደዚያው ስትሄድ አየኋት፤ ገና መንገድ ላይ ነበረች።