ለሆኪ የተላኩ ሽማግሌዎች

የአይስ ሆኪ ጓንት ሽታ ያልደረሰበት ሰው ዕድለኛ ነው። ላብ፣ እርጥብ ቆዳና የከረመ አይብ ተቀላቅለው ማለት ነው። ትናንት የመልበሻ ክፍላችንን ቁም ሣጥን ሳጸዳ የልጅነት ጓንቴ ከታችኛው መደርደሪያ ወጣ። ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዷ አፍንጫዋን ይዛ "እባክሽ ጣዪው!" አለችኝ። እኔ እንኳን ልጥለው አገላብጬ አሸተትኩት። መዳፉ ላይ እናቴ በቀይ ክር የሰፋችው ስፌት እስከ ዛሬ አልተተረተረም።

እዚሁ ኦስሎ ውስጥ የሴቶች ሆኪ ቡድን አሠልጣኝ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው፤ ትሕትናውን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ለዚህ የበቃሁት ግን በሽማግሌ ነው። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው ፕሪንስዳል የሚባል የኦስሎ ሰፈር ነበር፤ እናቴና እኔ ብቻ። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ከሰው የተዋሰችውን የበረዶ ጫማ በትልቅ ከረጢት ተሸክማ ክፍላችን ገባችና "መውደቅ የምትፈልግ ማን ናት?" ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። አሠልጣኜን ያገኘኋት እንዲህ ነው።

እሷ ልጅ በነበረችበት ጊዜ ለሴቶች ቡድን ስላልነበረ ከወንዶች ጋር እየተጋፋች ነው ያደገችው። ግራ ጉልበቷ የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነበር፤ ብርድ ሲጠና ታነክስ ነበር። የሜዳው ሰዓት ሲደለደል ለእኛ ለሴቶቹ የሚተርፈን ፍርፋሪው ነው። እሷ ታዲያ የሜዳው ቢሮ ደጃፍ ላይ ሄዳ ትቆማለች። ወንበር ቢያቀርቡላትም የምትፈልገውን ሰዓት ካልሰጧት በቀር አትቀመጥም።

እናቴ ልታየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው ከሥራ በቀጥታ ነበር። አዳራሹ በነጭ መብራት ያበራል፣ የጫማዎቻችን ስለት በረዶውን ሲፍቀው ሽርር ይላል። ከተጋጣሚዎቻችን ከአንዷ ጋር፣ በኳስ ፈንታ በዱላ የምንመታትን ጥቁር ጎማ ለማግኘት ስንሽቀዳደም ተላተምንና ሁለታችንም አጥሩ ሥር ተዘረርን። ጩኸቱ ከጉዳቱ ይበልጥ ነበር።

"እኔን! እኔን ድፍት ያድርገኝ!"

ቀና ስል እናቴ የተጠባባቂዎቹን በር ከፍታ፣ በሥራ ጫማዋ በረዶው ላይ ናት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። እሷ እቴ! እየተንሸራተተችም እየተንገዳገደችም ደረሰችና መጀመሪያ ያነሳችው ልጇን ሳይሆን ቀረብ ብላ የወደቀችውን የተጋጣሚያችንን ልጅ ነበር። ጉልበቷ ላይ ያለውን በረዶ አራገፈችላት። ልጅቱ ግራ ተጋብታ "ታክ" ብላ አመሰገነቻት። የማንም ልጅ ይሁን የወደቀ ይነሳል፤ እናቴ የምታውቀው የጨዋታ ሕግ ይሄ ብቻ ነበር።

ከዚያ እኔን በእጄ ይዛ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየን፣ ከሜዳው አወጣችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አውቶቡስ ውስጥም እጄን አልለቀቀችም። ቤት ስንደርስ "ልጄን የወለድኳት ከግድግዳ ጋር እንድትላተም አይደለም። አበቃ!" አለችና ጫማዬንም ዱላዬንም ምድር ቤት ቆለፈችባቸው።

አሠልጣኜ ደወለች፤ እናቴ አላነሳችም። መልእክት ላከች፤ እናቴ አንብባ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። እኔም አልቅሼ፣ ተቆጥቼ፣ ምግብ እንቢ ብዬ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። ያኔ ነው የሜዳውን በረዶ የሚያለሰልሰውን መኪና የሚነዱት ኤርትራዊ አዛውንት ነገሩ ውስጥ የገቡት። "ይሄ በቴሌፎን አያልቅም" አሏት አሠልጣኜን። "በእኛ አገር ለትልቅ ጉዳይ ሽማግሌ ይላካል።"

በታኅሣሥ ወር በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ውጭው በጊዜ ጨልሞ በየመስኮቱ የወረቀት ኮከቦች ሲበሩ፣ በራችን ተንኳኳ። ሦስት ሆነው ቆመዋል። አዛውንቱ ከረባት አስረዋል። የቡድናችን ግብ ጠባቂ አያት፣ አንድ ረጅም ኖርዌጂያዊ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አሠልጣኜ ደግሞ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አይቼባት የማላውቀውን ቀሚስ ለብሳለች። ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ቤቱ እርጥብ ሱፍ፣ እርጥብ ሱፍ ሸተተ።

"ተቀመጡ" አለች እናቴ።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አዛውንቱ።

እናቴ ክው አለች። "ኧረ ጋሼ! ልጄ እኮ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት!"

"ለጋብቻ አይደለም፣ እህቴ። ለሆኪ ነው።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነከስኩ። እናቴ ኖርዌጂያንኛ ሳይጠፋት፣ ለክብሯ ስትል በአማርኛ ተናገረች፤ አዛውንቱ ያስተረጉሙ ነበር። "በዱላ የሚራኮቱበትን ነገር እርስዎም ጨዋታ ይሉታል?" አለቻቸው።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማሽም? እሱው ነው። በረዶ ላይ ሆነ እንጂ።"

"ገና የወንድ ጨዋታ ነው።"

ይሄ ሲተረጎምላት አሠልጣኜ ፈገግ አለች። "እኔንም እንደዚያው ነበር ያሉኝ" አለች።

እናቴ ዞራ ትኩር ብላ አየቻት። "ልጄ ስትወድቅ ማን ነው የሚያነሳት?"

"ራሷ ትነሳለች። የማስተምራት እሱን ነው። እስክትነሳ ድረስ ግን እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

የአሠልጣኜ ግራ እግር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መቆሙ ከብዷታል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የአረጋውያንን ጉልበት ስትደግፍ የኖረች ሴት ናትና አላመለጣትም። አስተርጓሚውን ትታ በቀጥታ በኖርዌጂያንኛ ጠየቀቻት።

"ጉልበትሽ እንዲህ የሆነው በዚሁ ጨዋታ ነው?"

"ያ" አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

"ይጸጽትሻል?"

"ነይ" አለች፤ በእነሱ ቋንቋ "አይ" ማለት ነው።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ነገሩ የተበላሸ መስሏቸዋል። እኔም ጉዴ ፈላ ብያለሁ። እናቴ ግን ያችን የማትዋሽ ሴትዮ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

"በሉ፣ አሁን ተቀመጡ።"

ሽማግሌ ያየ ያውቀዋል፤ እሺታ ማለት ነው። አዛውንቱ "ተመስገን" ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ልጆቹ ሲወድቁ እንዳትጮህ ማንም እንዳይከለክላት። "የፈለግሽውን ያህል ጩኺ" አለቻት አሠልጣኜ፤ "በረዶዬ ላይ ብቻ እንዳትገቢ።" በማግስቱ ጠዋት የሆኪ ቦርሳዬ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ስንላተም የተቀደደው ጓንቴ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እናቴ ያለችበትን ጨዋታ መለየት ቀላል ነበር። ለእኛም ለተጋጣሚም፣ ለወደቀች ሁሉ "እኔን!" ትላለች። አሠልጣኜ አንድ ቀን ትርጉሙን ጠየቀቻት። "አንቺ ከምትወድቂ እኔ ልውደቅ ማለት ነው" አለቻት እናቴ።

"ለሁለቱም ቡድን?"

"ታዲያስ! ሁሉም የሰው ልጆች አይደሉም?"

የአሠልጣኜ ጉልበት ጨርሶ እንቢ ሲላት ፊሽካዋን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና "ከእንግዲህ አንቺ ቆመሽ ጠይቂ" አለችኝ። ቆሜ ጠየቅሁ። ዛሬ ሴቶቹ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሁሉም በሚመኘው ሰዓት፣ ነው የሚለማመዱት። ያን ሰዓት ያገኘሁ ዕለት እናቴ ሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ግሮንላንድ ሰፈር በርበሬ ልትገዛ ወጥታ ያገኘችውን ሐበሻ ሁሉ እያስቆመች ስትነግር ዋለች። ባለ ሱቁ "ሆኪ ምንድን ነው?" ቢላት "አንተ ደግሞ፣ ልጄ አሠልጣኝ የሆነችበት ነዋ!" አለችው።

እናቴ ባለፈው ክረምት አረፈች። አሠልጣኜ ለቅሶ ቤት መጥታ "ተቀመጪ" ቢሏት ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች። አዛውንቱ በክንዷ ያዟትና "ዛሬ ይቀመጣል፣ ልጄ" ብለው አስቀመጧት። እስከዚያ ድረስ እንባዬን ይዤ ነበር።

ወደ ልምምድ የተመለስኩበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ለልጆቹ ወደ ኋላ መዞር ሳሳያቸው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ የጫማዬ ስለት ተሰናከለና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ጆሮዬ ከመቀመጫዎቹ በኩል ይመጣ የነበረውን ድምፅ ሲጠብቅ ተሰማኝ።

"እኔን!"

በኖርዌጂያንኛ ቅላፄ፣ በጎርናና ድምፅ። በወደቅኩበት አንገቴን አዞርኩ። አሠልጣኜ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከዘራዋን ተደግፋ ቆማለች።

ልጆቹ እጃቸውን ሊሰጡኝ መጡ። ተዉኝ አልኳቸው። እሷ ቆማ እየጠበቀችኝ፣ ራሴ ተነሳሁ።