የጥይት ሳጥን ወንበር

እናቴ ውሸታም አልነበረችም። ገበያም ላይ ሆነ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት ያልሆነውን ሆነ ስትል ሰምቻት አላውቅም። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ስትዋሽ የዋሸችው ስለ እኔ ወንበር ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ ዛሬም ነገሩ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን አፋጫለሁ።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነፋስ ስልክ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ በጡረታ ቤት ዋለ። አጥንቱ ገጠመ እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም። መራመድ ይችላል፤ መቆምም ይችላል። የማይችለው መነሣት ነው። አንዴ ከተቀመጠ ከመካከላችን አንዳችን ብብቱን ይዘን ካላነሣነው እንደተቀመጠ ይውላል። ትልቅ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ ሴት ልጁን መጥራት ምን እንደሚያስከትልበት ያየ ያውቀዋል። አባቴ እኛን ላለመጥራት ብሎ ውኃ መጠጣት ቀንሶ ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ተቀምጫለሁ። እጄ ግን ቦዝኖ አያውቅም። ሰው ነገር ሲጥል ያናድደኛል፤ ከተፈጥሮዬ ነው። ከዳቦ ቤት በወጣ የዱቄት ከረጢት መጋረጃ ሰፍቼአለሁ። በተሰበረ የትምህርት ቤት ዴስክ የዕቃ መደርደሪያ ሠርቼአለሁ። ያለ ክዳን የተጣለ ድስት አበባ ተክዬበት ደጃችን ላይ አሳምሬዋለሁ። እናቴ ስሜን ትታ «ቁራሌው» ትለኝ ነበር፤ በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ሰውዬ ማለቷ ነው። መጀመሪያ ላይ አብሬ እስቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ። ከዛገ ማጠፊያ ጀምሮ ሆድ ዕቃው እስከተዘረገፈ ሬዲዮ ድረስ የሌለ ነገር የለም። ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ ደግሞ የጥይት ሳጥን እንደ ጉድ በዝቶ ነበር። ደህና ጣውላ ነው፤ ደረቅና ቀጥ ያለ። ውጭው አረንጓዴ ተቀብቶ በቢጫ ቀለም የማላነበው ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል። ሰው እህል ይከትበታል፤ ዶሮ ያሳድርበታል። እኔ ሁለት ሳጥን ገዝቼ አንዱን በአናቴ ተሸክሜ፣ አንዱን በብብቴ ይዤ አመጣሁ።

አባቴን ሳልነግረው ለካሁት። ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ ከመሬት እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያም አራት ጣት ጨምሬ በክር ያዝኩ፤ ዳሌውን የሚገድለው ዝቅ ያለ መቀመጫ ነውና። የእጅ መደገፊያዎቹን ከመቀመጫው አስረዝሜ ወደ ፊት አወጣኋቸው። ሰው ሲነሣ እጁ ይቀድማል፤ እጁ የሚጫነው ነገር ካገኘ ሰውነቱ ይከተላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሲታገል እያየሁ ያወቅኩት ነው። አንድ ጎሚስታ የጣለውን ከመነዳሪ፣ ያንን የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ በቀጭኑ ቆራርጬ እንደ አልጋ ጠፍር መቀመጫው ላይ ጠለፍኩት። ምስማሩ እንኳ ከሳጥኑ የተነቀለ ነው። የጎበጠውን ድንጋይ ላይ እያቃናሁ መልሼ መታሁት።

የተቀመጠበት ቀን አባቴ ሁለት መዳፉን መደገፊያዎቹ ጫፍ ላይ አሳረፈ፣ ተጫነ፣ ተነሣ። ደግሞ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ለብቻው ወጥቶ ሽንት ቤት ደርሶ ተመለሰና ውኃ ስጪኝ አለኝ። አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ደገመ።

እናቴ ወንበሩን አልጠላችውም። አፈረችበት እንጂ። የጠላችው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በመስከረም፣ መስቀል ሊደርስ ሲል፣ እህቴን የሚፈልጋት ሰው ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰማ። ቤተሰቦቹ ጎፋ ግንብ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ይህ ከተሰማ ጀምሮ እናቴ ቤታችንን በእነዚያ ሰዎች ዓይን ማየት ጀመረች። የእኔ መጋረጃ ወረደ። የእኔ መደርደሪያ አልጋ ሥር ገባ። ሁለት ቤት አልፋ ከምትኖር ነጋዴ ጎረቤታችን ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ ቀይ ከፋይ ሶፋ ለእሑድ ጠዋት ተዋስን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እናቴ ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም፤ እንዲያውም ይህን ተረት ለእኛ የምትነግረን እሷው ነበረች።

አባዬ ከዚህ ሶፋ ላይ መነሣት አይችልም አልኳት። ሰምጦ ይቀራል፣ ላስቲኩም ያንሸራትተዋል አልኳት። ለአንድ ቀን ነው፣ እንደግፈዋለን አለችኝ። እህቴ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው እንሁን ብላ አለቀሰች። ሌላውን ቀን ምን ሆነን ነው የምንኖረው ብዬ ጠየቅኳት። እኔ አሁንም ወንበሩ ከቦታው አይነቃነቅም ስል እናቴ ዞራ አየችኝ።

«የልጄን ሽማግሌ ወታደር በጣለው ሳጥን ተቀብዬ ልዋረድ?» አለች።

እኔም ተሸነፍኩ። ተሸክሜ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ማድ ቤቱ ጥግ፣ እንጨት ክምሩ አጠገብ ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ዝናብ እንዳይነካውም ጆንያ አለበስኩት።

ሽማግሌ ማልዶ ነው የሚመጣ። ሦስት ነበሩ፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እንደ ወጉ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ሲናገር የልጅቱ አባት ተነሥቶ ነው የሚቀበለው። ተቀምጦ ከቀረ ነገሩን ንቆታል ማለት ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። አባቴ ከሶፋው ሊነሣ ሞከረ። የሚጫነው ነገር ፈልጎ እጁን ዘረጋ፤ ከፋዩ ሰመጠ፣ ላስቲኩ አንሸራተተው። ደግሞ ሞከረ። እናቴ ልትደግፈው ስትጠጋ ክንዱን ነጠቃት፤ በሽማግሌ ፊት በሚስቱ ተደግፎ አይነሣም። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሩ ላይ ቆሜ ነበርና አባቴ ወደ እኔ አየ።

«ወንበሬን አምጪልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

በሩጫ ወጣሁ። ማድ ቤቱ ጥግ ጆንያው ብቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ውስጥ ስገባ እናቴን ልታግዝ በሌሊት የመጣች ሌላ ጎረቤታችን የዶሮ ወጡን ድስት ታማስላለች። ከድስቱ ሥር አንዱ የእጅ መደገፊያ ግማሹ ነዶ፣ ግማሹ ከምድጃው ወጥቶ ይታያል። ሌላው ሁሉ ፍም ሆኗል። ወንበሬን ምን አደረግሽው ብዬ ጮኽኩባት። ሴትዮዋ ከልቧ ደነገጠች። እንጨቱ የክረምት እርጥብ ነው፣ አልነድ ብሎኝ አሮጌ ሳጥን አግኝቼ ፈለጥኩት አለችኝ። እግሩን አላየሽም ወይ ስላት ጨለማ ነበር አለች። ቀጥላም ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«የእኔ ልጅ፣ ወንበር ቢሆን እንጨት መሐል ምን ይሠራል?»

ልክ ነበረች። እሷን ልቆጣት አልችልም፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። እንጨት መሐል ያስቀመጥነው እኛ ነን።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። አባቴ ባዶ እጄን አይቶ ገባው። ከተቀመጠበት ሆኖ ዘመድ እናማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አላቸው። ስለ ዳሌው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሕመሙን ለእንግዳ የሚናገር ሰው አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። ዶሮውን እኛው በላነው። እኔ አልበላሁም፤ በእኔ ወንበር የበሰለ ወጥ በጉሮሮዬ አይወርድም አልኩ። እናቴ ነገር አታብዢ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው ሶፋውን ወሰዱ። ቤቱ ባዶ ሆነ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ መጠጣቱን እንደገና ቀነሰ።

በሳምንቱ ወሬ ደረሰን። አባትየው ከመቀመጫው እንኳ ሳይነቃነቅ ሸኘን፣ ንቆናል ብለው ጎፋ ያሉት ቤተሰቦች ተቀይመዋል። ሽማግሌዎቹ ለቀጠሮው ቢመለሱም ያው ነገር ከተደገመ ወሬው ያበቃል ተባለ። እህቴ በልቅሶ ፊቷ አበጠ። ያን ጊዜ እናቴ እኔ ጋ መጣች። ይቅርታ አላለችም። ያችን ወንበር ድገሚያት ብቻ አለችኝ፤ «ያችን» ስትል የራሷን የቆየ ዕቃ የምታስመልስ ነበር የምትመስለው።

ለእሷ ብዬ ሳይሆን ለአባቴ ብዬ ደገምኩት። ምናለሽ ተራ ሄጄ ሁለት ሳጥን አመጣሁ። ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። በንዴት ስሠራ መጋዙ ሁለት ጊዜ ጣቴን በላኝ። እናቴ ጣውላውን ስትይዝልኝ ዋለች፤ ስቆርጥ እንዳይንቀጠቀጥ ጉልበቷን ጭናበት ነበር። ሥራውን ስታየው ፊቷ ላይ አንድ ነገር አየሁ መሰለኝ። ሊጠናቀቅ ሲል ግን አረንጓዴውን ቀለምና ቢጫውን ፊደል ላጊው አለችኝ። የላይኛውን ላግኩት። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሆን ብዬ ተውኩት።

በቀጠሮው እሑድ ሶፋው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ለሽማግሌዎቹ ነው። የአባቴ ወንበር ከፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ማድ ቤት ውስጥ ሳለሁ እናቴ ጥልፍ ያለበት ነጭ አልጋ ልብስ አምጥታ ወንበሩን ከላይ እስከ መሬት ሸፍናዋለች። በላዩም ዳንቴል ጥላበታለች። መርፌ ቁልፍ ሳይቀር አድርጋ ጨርቁን ከኋላ አጥብቃ ይዛዋለች። አንድ ጣት እንጨት አይታይም። ልገፍፈው ስል ሽማግሌዎቹ ደጅ ደረሱ።

ቆሙ። አባቴ ጨርቁ ሥር የመደገፊያዎቹን ጫፍ በመዳፉ ፈልጎ አገኘ። ተጫነ። ተነሣ። ቀጥ ብሎ ቆሞ እንኳን ደህና መጣችሁ አላቸው። የትልቁ ሽማግሌ ፊት ሲፈታ አየሁ። ነገሩ ተነገረ፣ ልጃችንን ሰጥተናል ተባለ፣ ተመረቀ፣ ሁሉም ተቀመጠ። እህቴ ጓዳ ውስጥ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ አላለኝም አልልም። ትሪ ይዤ ስገባ ትልቁ ሽማግሌ አባቴን እያዩ ነበር።

ሽማግሌው፣ እኔም ወገቤን ያመኛል፣ እንዲህ ያለ ለመነሣት የሚያመች ወንበር አይቼ አላውቅም፣ ከየት ነው የተገዛው አሉ። ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ፒያሳ ነው» አለች እናቴ። «ከውጭ የመጣ ነው አሉን።»

ሽማግሌው አድንቀው ወደ አባቴ ዞሩ። እውነት ፒያሳ እንዲህ ያለ ይገኛል ወይ ብለው ጠየቁት። አባቴ እኔን አየኝ። በጨርቅ የጠቀለልኩትን ጣቴን አየ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

«አዎ» አለ፣ «ፒያሳ ነው።»

ለምን እንዳለ ይገባኛል። ሚስቱን በሽማግሌ ፊት ውሸታም ሊያደርጋት አልፈለገም። የእህቴም ነገር ገና ትኩስ ነው። ሁሉም ይገባኛል። ገብቶኝ ግን አልበረደልኝም። እናቴ ብቻ ብትሆን እችለው ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ፣ ብርጭቆው ሳይታጠብ፣ ሰዎች መጥተው ሶፋውን ተሸክመው ወጡ። አባቴ ሊሸኝ እንደወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ መርፌ ቁልፎቹን ነቃቅዬ አልጋ ልብሱንና ዳንቴሉን እናቴ እግር ሥር ጣልኳቸው። ወንበሩን ቤቱ መሐል ገለበጥኩት። ቢጫው ፊደል ወደ ላይ ሆነ። እናቴ ፊደሉን አየችው። አባቴ ግድግዳውን እየተደገፈ ገባ። ብዙ ቆሟልና እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አቁሚልኝ፣ ልቀመጥ» አለኝ።

«ፒያሳ ሄደህ ተቀመጥ» አልኩት።

አባቴን እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እናቴ አፏን ያዘች። እሱ አልተቆጣም። ግድግዳውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ማጎንበስ የማይችለው ሰውዬ፣ ወንበሩን ራሱ ሊያነሣ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ያን ማየት አልቻልኩም፤ ቀድሜው አቆምኩለትና ተቀመጠ። እሱ መዳፉን እንጨቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያሻሽ ነበር፤ አሁን ጨርቅ የለበትም።

ትንሽ ቆይቶ ውኃ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲያበቃ ሊወጣ ፈለገ። እናቴ ልትደግፈው ተነሣች። እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም፤ እጄን አልሰጠሁትም። እሱም አላስፈለገውም።