ላይ ሠፈር ይሰማል?

አንዳርጌ ማይክ ሲሞክር አይናገርም ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው፤ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየውም ከዚያችው ነው። ሌላው ባለሙያ «ሀሎ፣ ሀሎ» ሲል እሱ የማይኩን ራስ በጥፍሩ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ጆሮውን ወደ ማጉያው ጥሩምባ ያቀናል፣ ይበቃዋል። ሱዳኖቹ «ዲዳው» ይሉት ነበር። የሐበሻ ሥራ ሲመጣ ግን ባትሪው ሞቷል፣ ማጉያው ተቃጥሏል እያለ ይሸሻል።

የሚሸሸው ድምፁን ነበር። በ1970 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ አንድ ቀበሌ ድምፅ ማጉያ እንዲተክል ቀጠረው። አዋጅ አንባቢው ሲታመም ማይኩ በእሱ እጅ ስለነበረ «አንተው አንብብ» አሉት። ሦስት ወር አነበበ። በየጠዋቱ የተረሸኑትን ስም ይዘረዝራል፣ ከዝርዝሩ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ «ለእነዚህ ማልቀስ ክልክል ነው።» ማንንም አልገደለም፣ ዝርዝሩንም አልጻፈም። የሠፈሩ ሰው ግን ፊቱን ሳያይ ድምፁን ያውቀው ነበር። በዓመቱ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከዚያው ቀበሌ ያመለጡ ብዙዎችም ገዳሪፍ ገቡ። አንዱ ቢያውቀው ምን እንደሚያደርጉት አንዳርጌ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖረ።

በ1978 ጎረቤቱ ሙዘይን፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ከጂዳ ሽቦ የለሽ ማይክ አስመጣ። አስመጥቶም አላበቃም።

«ያ አንዳርጌ» አለው እንደ ዐረብ አጠራር፣ «ሥራ ይዤልሃለሁ። የሣህሊቱ ተዝካር።»

«የትኛዋ ሣህሊቱ?»

«ሻይ የምትሸጠው የጎንደሯ። ለወንድሟ ያኔ ሳታለቅስለት ቀርታ አሁን ልታወጣለት ነው። ሙሾ አውራጇ በሕዝቡ መሀል ስትዞር ሽቦ ይጠልፋታል አሉ። ይኸ ደግሞ ሽቦ የለውም። ቃል ገብቻለሁ፣ ኻላስ፣ አለቀ።»

«እኔ አልችልም።»

«ምነው፣ ከሙት ጋር ተጣልተሃል እንዴ?» ሙዘይን ሳቀ።

ደግሞ እምቢ ማለት ጥያቄ ያመጣል። አንዳርጌ ሄደ።

ሣህሊቱ በራፍ ላይ ተቀበለችው። «ደህና አደሩ አያ አንዳርጌ፣ አንቱን ማስቸገሬ ነው» አለችው። እሱ ራሱን ነቅንቆ ገባ። በግቢው መሀል የሣር ጥላ፣ ራኩባ ተጥሏል። አንዱን ጥሩምባ በራኩባው ወዲህ ጫፍ፣ ሌላውን በወዲያ ጫፍ አሰረ። ማጉያውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘ። የማይኩን ድምፅ ከአየር የሚቀበለውን ሣጥን ከፍ ያለ በርሜል ላይ አስቀምጦ አንቴናውን መዘዘ፤ «ሽሽ» የሚለው ጩኸት ጸጥ እስኪል ድረስ ቁልፉን ቀስ እያለ አዞረ። ማይኩን በጥፍሩ መታ። ሠራ።

ሽቦ የለሽ ማይክ ግን በአንድ ቦታ ተሞክሮ አይታመንም። የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ የጥፍር ምት ደግሞ የት ላይ እንደተቋረጠ አይናገርም። አንድ ሰው እየተናገረ መዞር አለበት። አንዳርጌ ማይኩን ለሙዘይን ሰጥቶ እሱ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመ።

«የገዳሪፍ ዝንቦች ሆይ፣ እንደምን አደራችሁ!» አለ ሙዘይን። ምንጣፍ የሚያነጥፉት ሴቶች ሳቁ። አጥሩ ጋ ሳይደርስ ድምፁ ተቆራረጠ። ድምፁን የምታስተላልፈውን፣ ከማይኩ ሥር የተንጠለጠለችውን አጭር የአንቴና ሽቦ አብሮ ጨብጧት ነበር።

«ጭራውን ልቀቀው!»

«የምን ጭራ? አህያ የያዝሁ መሰለህ?»

ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ጨበጣት። ለቀስተኛው መግባት ጀምሯል። አንዳርጌ ትዕግሥቱ አለቀ። ማይኩን ቀማውና ሽቦዋን አንጠልጥሎ ወደ አጥሩ እየሄደ ምላሱ የለመደውን ተናገረ፤

«ላይ ሠፈር ይሰማል? ታች ሠፈር ይሰማል?»

የሣህሊቱ ግቢ ላይም ታችም የለውም፤ ገዳሪፍ ሜዳ ነው። ጎንደር ግን አንዱ ጥሩምባ ላይ ሠፈር፣ ሌላው ታች ሠፈር ተሰቅሎ ነበር፤ ስም ከመጥራቱ በፊት በየጠዋቱ እንዲህ ይጠይቅ ነበር።

ሴቶቹ ምንጣፉን እንደያዙ ቆሙ። ሣህሊቱ ከማድቤቱ እጇ እንደረጠበ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አንተ ነህ» አለችው።

ማይኩ አልተዘጋም። ድምፅዋ በሁለቱም ጥሩምባ ወጣ፤ መንገድ ላይ ያለውም ሰማ።

«ማነው እሱ?» አለ ሙዘይን ግራ ገብቶት።

«ወንድሜን፣ ታምሬን ያነበበው።»

አንድ ሰውዬ ከአጥሩ እንጨት ነቀለ። ሣህሊቱ እጇን አነሣች።

«ተወው፣ ሥራ አለበት» አለችና ወደ አንዳርጌ ዞረች። «ክልክል ነው ያልኸው አንተ ነህ። ተፈቅዷል በል።»

«እኔ አልጻፍሁትም፤ የሰጡኝን ነው…»

«አልጠየቅሁህም። በል።»

«ለታምሬ ማልቀስ ተፈቅዷል» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ለማንበቢያ የነበረው ድምፅ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ሙሾ አውራጇ በለጡ ማይኩን ከእጁ ወሰደች፤ ግቢው ተናወጠ።

የማይኩ ባትሪ እየደከመ ሲሄድ «ሽሽ» የሚለው ጩኸት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ቁልፉን በፀጉር ስፋት እያዞሩ ድምፁን መያዝ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ እስኪያበቃ ድረስ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። በተዝካር ለማኝ እንኳ አይታለፍም። ምግቡ ሲዞር እሱን አለፉት።

በዱላ ይመጣሉ ብሎ ጠበቀ። ሣምንቱን በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ሠራ። ረቡዕ ዕለት ያንኳኳው የሰሊጥ መጋዘን የሚጠብቀው የጎንደሩ ሽማግሌ ደሴ ነበር። ብቻውን ነው፤ ዱላውንም ከውጭ አስደግፎታል።

«እኔ ተዝካር የማወጣበት የለኝም» አለ። «ሁለት ናቸው። እዚሁ ተፈቅዷል በልልኝ።»

«ማይኩን ሙዘይን ወስዶታል።»

«ማይክ ምን ያደርግልኛል? ያንተን ድምፅ ነው የፈለግሁ።»

ሽማግሌው የልጆቹን ስም አልተናገረም። አንዳርጌም አልጠየቀም፤ ያነበበውን ዝርዝር አልረሳውም። ከበርጩማው ተነሥቶ ቆመ።

«አንደኛ፣ ጋረደው ደሴ። ሁለተኛ፣ ስማቸው ደሴ» አለ። «ለእነዚህ ማልቀስ ተፈቅዷል።»

ደሴ ቴፖቹ መሀል መሬት ላይ ተቀምጦ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። አንዳርጌ ብቻውን ያልቅስ ብሎ ሊወጣ በሩን ከፈተ። ደጁ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።