ከመምህሩ ጎልፍ ኮፈን ሥር ያገኘሁት

ማለዳ 12 ሰዓት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ

ገና በደንብ አልነጋም። ወያላው "አንጋጫ! ዱራሜ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ስቆጥር ያለነው ሦስት ነን። "አንድ ሰው" የሚባለው ስንት ሰው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ጋቢና ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ ንጹህ ጨርቅና የአንድ ሊብሬ ኮፒ አለ።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ታውቁኛላችሁ። ስለ ትንንሽ የአውሮፓና የአሜሪካ መኪኖች የምጽፈው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የምሠራው ጋሼ ከድር የሚባሉ ነጋዴ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው መጻፍ የጀመርኩት።

አምና "የአውሮፓ ትንሽ መኪና የኛን ዳገት አይችልም" ለሚሉ ሁሉ መልስ ጽፌ ነበር። ማስረጃዬ አንድ የአንጋጫ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። በስልክ ጽፈውልኝ፣ የጀርመን ሥሪት ጎልፋቸው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆሞ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ያንን ስንት ጊዜ እንደጠቀስኩት ታውቃላችሁ። አሁን መኪናውን ሊሸጡት ነው። ሊገዛ ያለው ደግሞ ወንድሜ ተመስገን ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ሰባት ዓመት ቆሞ ያጠራቀመው አለ፤ በዚህ ዓመት ተመልሶ ሊገባ ነው፤ ሲገባ የሚተዳደርበት መኪና ይሄ ይሆናል። "አንቺ ጥሩ ነው ካልሽ ለኔ በቂ ነው" ብሎኛል። ሌሊቱን አልተኛሁም።

1 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

መኪናው ሞልቶ ተነሳን። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ጉም በቅጠሉ ላይ ተኝቷል። ሴቶች ቆጮ በጀርባቸው አዝለው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ነዳጅ ማደያው ጋ የባጃጅ ሰልፍ አስፋልቱን ይዟል፤ ሹፌሮቹ ውስጡ ተኝተዋል። አንዲት ነጭ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ አልፋን ሄደች።

"እህቴ፣ አንጋጫ ለምን ጉዳይ ነው?" አለ ሹፌሩ።

"መኪና ለማየት።"

"ለማን?"

"ወንድሜ ሊገዛ ነው።"

"ምን መኪና?"

"ጎልፍ።"

ዓይኑን ከመንገዱ አንስቶ አየኝ። "የጀርመኑን? አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ምን በደለሽ?"

ከኋላ ያሉት ሳቁ።

"የፍሬን ሸራው ሲያልቅ ከየት ልታመጪ ነው? ፓስፖርት አውጥተሽ?"

"ከአዲስ አበባ ይመጣል" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

ያልመለስኩለትን ለእናንተ ልጻፈው። የቶዮታዋ ቪትዝ መጥፎ አይደለችም፤ ግን እንደ ሳፋ ናት፤ ሁሉም ቤት አለች፣ ማንም አያያትም። የአውሮፓ ትንሽ መኪና ሲሠራ አንድ ሰው አስቦበታል። የፔጆ 206 መብራት እንደ ድመት ዓይን ወደ ላይ ተስቧል። የድሮዋ ትንሽ ፊያት ሞተሯን ከኋላ ተሸክማ አራት ሰው ታስቀምጣለች፤ ይህን ያሰበ ሰው ቤቱ ጠባብ ነበር እላለሁ። የጎልፍ በር ሲዘጋ ከባድ የእንጨት ሣጥን የተዘጋ ይመስላል። የአሜሪካን ነገር በተመለከተ ግን ሐሳቤ ይለያል። አሜሪካኖች ትልቅ ነገር ይችላሉ፤ ትንሽ ሲፈልጉ ለሌላ ሰው ያዛሉ። ፎርድ ፊየስታ ስሟ አሜሪካዊ ነው፤ ያደገችው አውሮፓ ነው። ሸቭሮሌት ስፓርክ ኮሪያ ተሠርታ ነው የአሜሪካ አርማ የተለጠፈባት። እወዳቸዋለሁ፤ ግን አሜሪካዊ ናቸው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ይህን ሁሉ ለሹፌሩ ብነግረው ምን ይል እንደነበር አላውቅም። መቶ ሃያ ብር ከፈልኩ።

2 ሰዓት ከሩብ፣ አንጋጫ

መምህር ጴጥሮስ ጃንጥላ ይዘው መንገድ ዳር ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማቸው የተወለወለ ሰው ናቸው። "ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ? ልጅ አይደለሽ እንዴ!" አሉ። ቤታቸው ቅርብ ነው። በአጥሩ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አቶ ዶሌቦ ይባላሉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሽያጩን በጸሎት ሊዘጉ የተጠሩ ናቸው።

መኪናው ግቢው መሃል ቆሟል። ደብዛዛ ሰማያዊ። ታጥቧል፤ ጎማው ሳይቀር ተወልውሏል። ለዓመታት በስልክ ያየሁትን ነገር በዓይኔ ሳየው እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት። ልክ እንደጻፍኩት ነው።

"ለምን ይሸጡታል?" አልኳቸው።

"ጉልበቴ ፍሪሲዮን አልረግጥ አለ። መኪናውማ ከኔ ይበረታል።"

አተካና ቀረበ። አተካና ለተከበረ እንግዳ የሚሠራ የቡላ፣ የቅቤና የወተት ምግብ ነው፤ ለኔ ተሠርቶ አያውቅም። በላሁ፣ ግን ዓይኔ መኪናው ላይ ነበር። ከበላን በኋላ ኮፈኑን ክፈቱልኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። በሽማግሌ ፊት ባትሪ አውጥቼ የሰው መኪና ልበርብር? እነሱም "መጀመሪያ ጸሎት" አሉ። በነሱ ደንብ ሞተሩ ተነስቶ፣ ሁሉም እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ይጸለያል። ከአሜን በኋላ ዕቃው የገዢው ነው፤ ስለ ዕቃው ክፉ ማንሳት ነውር ነው። እኛም ቤት ያው ነው።

መምህሩ ገብተው ሞተሩን አስነሱት። እጃችንን ጫንን። ዓይናችንን ጨፈንን።

"ጌታ ሆይ" አሉ አቶ ዶሌቦ፣ "የሚነዳውን እጅ ባርክ። ከሩቅ አገር የሚመጣውን ወንድም መንገድ አቅና..."

እኔ ግን ጸሎቱን መስማት አቃተኝ። መዳፌ ሥር ያለው ነገር ልክ አልነበረም።

ሊብሬው ላይ ነዳጁ ናፍጣ ይላል። የጎልፍ ናፍጣ ሞተር ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ኮፈን ላይ ያለ እጅ ይነዝራል። ወንድሜ ከሚልክልኝ ቪዲዮ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይሄ ግን በቀስታ ያፏጫል። የማውቀው ድምፅ ነው። ሱቃችን በር ላይ በየቀኑ የሚቆም ድምፅ ነው። መምህሩ የሚልኩልኝ ቪዲዮ ሁሉ መዝሙር የተጫነበት ስለነበር ሞተሩን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ልክ ባልሆንኩ ብዬ ጸለይኩ፤ የጸለይኩት እሱን ብቻ ነው።

"አሜን።"

የሁሉም እጅ ተነሳ። የኔ ቀረ።

"መምህር" አልኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ የናፍጣ ሞተር አይደለም።"

አቶ ዶሌቦ ዞረው አዩኝ። "ከአሜን በኋላ?"

መምህሩ ግን አልተቆጡም። ኮፈኑን ከፈቱት። ሞተሩ ክዳን ላይ ቶዮታ የሚለው ጽሑፍ ጎላ ብሎ ወጥቷል። የኮሮላ ሞተር። ካንዴላውን በየሳምንቱ የምሸጥለት ሞተር።

"አንድም ቀን አልቆመም ብለውኝ ነበር" አልኩ።

"አልቆመማ! ስድስት ዓመቱ ይኸው!"

"ጎልፍ ነው ያሉኝ።"

"ታዲያ ጎልፍ አይደለም? በሩ ጎልፍ፣ ወንበሩ ጎልፍ፣ መሪው ጎልፍ።"

"ሞተሩስ?"

"ሞተሩ ኮሮላ ነው። አልጠየቅሽኝም እኮ፣ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። አልጠየቅኳቸውም። ባትሪዬን አውጥቼ የሞተር ቁጥሩን ፈለግኩ፤ ከሊብሬው ጋር አይገናኝም። ስም ሲዛወር መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ወንድሜ ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን በስሙ ማድረግ አይችልም ነበር።

"እና እኔ የባረክሁት የማንን ነው?" አሉ አቶ ዶሌቦ። ማንም አልሳቀም።

5 ሰዓት፣ ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ የሚወስደው መንገድ

"የድሮው ሞተር የት ገባ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። እንዲህ ሆነ አሉ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ መካኒክ የሞተሩን የውስጥ ቺንጋ፣ የላስቲክ ቀበቶውን፣ አየው፤ ተሰነጣጥቋል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ያበቃለታል። እዚህ አገር ደግሞ ያኔ ቺንጋው አልተገኘም። መምህሩ ሁለት ወር ጠበቁ። ከዚያ መካኒኩ "በዚህ አይሆንም" ብሎ የኮሮላ ሞተር ገጠመላቸው። የድሮውን እንዲሁ ተዉለት። "ወፍጮ ቤት ወሰዱት ሲሉ ሰምቻለሁ። ለብረቱ ይሆናል" አሉ።

እንየው አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። በጎልፉ፣ ማለቴ በዚሁ መኪና ሄድን። አቶ ዶሌቦ ከኋላ ተቀመጡ። ወደ ፊት ሐምበሪቾ ተራራ ጫፉን ደመና ውስጥ ደብቆ ቆሟል።

ወፍጮ ቤቱን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። መስኮቱን አወረድኩ። መምህሩም ሰሙት፤ እግራቸው ከነዳጁ ላይ ሲነሳ መኪናው ቀስ አለ።

የቆርቆሮ ቤት ነው። በር ላይ ሴቶች ጆንያ በቆሎ ይዘው ተሰልፈዋል። ውስጥ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ፣ በዘይትና በዱቄት ተለብጦ ያ ሞተር ይሠራል። ረጅም ቺንጋ ወፍጮውን ያዞራል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አፌን ይዤ ቆምኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ መጡ።

"ጀርመኑን ልታዪ ነው?" አሉኝ እየጮሁ። "እንደዛ ነው የምንለው!"

"ስንት ጊዜው ነው እዚህ?"

"መካኒኩ ከሸጠልን ጀምሮ! ቺንጋው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፣ ገጠመው፣ ይኸው! አንዴም አላስቸገረኝ! እሁድ ብቻ ነው የሚያርፈው! እሁድ እኛም ቤተ ክርስቲያን ነን!"

እንግዲህ እስቲ አስቡት። ዓመት ሙሉ "የአውሮፓ መኪና የኛን ዳገት ይችላል" ብዬ የተከራከርኩት በቶዮታ ሞተር ነው። ልክ ነኝ ያልኩበት ማስረጃ ውሸት ነበር። ተሸነፍኩ ብዬ እዚህ ስደርስ ደግሞ ልክ የነበርኩበት ማስረጃ በቆሎ ይፈጫል። ልስቅ ይሁን ላልቅስ ጠፋኝ። የአገሬው ዳገት አይደለም ይህን ሞተር ከመኪናው ያወጣው። አንድ የላስቲክ ቺንጋ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው። እኔ መለዋወጫ ሱቅ እየሠራሁ ስለ መብራትና ስለ በር ስጽፍ፣ ስለ ቺንጋ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ስልኬ ጮኸ። ተመስገን ነው።

"እህ፣ ይገዛ?"

ወፍጮው ስለሚጮህ መጮህ ነበረብኝ። መምህሩ አጠገቤ ናቸው፤ አቶ ዶሌቦ በር ላይ ናቸው፤ ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል።

"አይገዛም!" አልኩ። "አትግዛ! የሞተር ቁጥሩ አይገናኝም! እኔም የጻፍኩት ልክ አልነበረም!"

"እሺ" አለ። "ለምን ትጮሂያለሽ? አንቺ ትጮሂያለሽ እንዴ?"

አቶ ዶሌቦ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ነውር ሠራሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። "እኔ የጸለይኩት ለወንድምሽ መንገድ ነው" አሉ። "የመንገዱ ጸሎት እንዳለ ነው።"

9 ሰዓት፣ ወደ ሆሳዕና

ሚኒባስ ልያዝ ብል መምህሩ እምቢ አሉ። "ያመጣሁሽ እኔ ነኝ" ብለው አቶ ዶሌቦን ቤታቸው አድርሰው ሆሳዕና ድረስ ነዱልኝ። ዳገቱን መኪናው በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። ጥሩ መኪና ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ነው። ለየትኛው ሞተር እንደምመሰክር ግን ከእንግዲህ አውቃለሁ፤ አምና የጻፍኩትን ከገጹ ላይ እሰርዘዋለሁ፤ ይህን በቦታው አስገባለሁ።

ወፍጮ ቤት እያለን ሁላችንም ስንወጣ መምህሩ ወደ ኋላ ቀርተው እጃቸውን ሞተሩ ላይ ጭነው ነበር። የኮታቸው እጅጌ ዱቄት ነው። አላራገፉትም።

መናኸሪያው በር ላይ አቆሙ። አመሰገንኩ፣ ወረድኩ። መስኮቱን አውርደው ጠሩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "መካኒኩ ሞቷል ብሎኝ እኮ ነው ሞተሩን የሰጠሁት።"