ዛፍ ላይ የተሰለፈው ፌስታል

አሁን አሁን ፌስታል ይቅር፣ ዘንቢል ያዙ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ፌስታልን የተውኩት በደርግ ጊዜ ነው። ለአገር አስቤ አይደለም፤ ተዋርጄ ነው።

ያኔ ናዝሬት በእኛ ቀበሌ ስኳር ለመግዛት ሰው አይሰለፍም ነበር። የሚሰለፈው ዘንቢል ነው። ነገሩ የመጣው ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ተጣልተው ሲተናነቁ የቀበሌውን ሱቅ መስኮት ከሰበሩ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ ዕቃው ሱቁ ፊት ካለው ግራር ሥር ይሰለፍ፣ ባለቤቱ ማዶ ይቀመጥ» አለ። አጨበጨብን። የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም።

ሁሉም ዘንቢል ነበረው። እኔ ግን ፌስታል ነበረኝ። የሚስቴ ወንድም የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበርና እሱ ነው ያመጣልኝ፤ ቀይ ነው፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ዛሬ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ላም የሚያንቀው ፌስታል ያኔ እንደ እጅ ሰዓት ይታይ ነበር። በሳሙና አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ።

የዚያ ሳምንት ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። እሑድ ከሞጆ ሽማግሌዎች ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ይመጣሉ። እኛ ጴንጤ ነን፤ ጠላ የለ፣ ጠጅ የለ፤ ለእንግዳ ያለን ሻይ ነው። ስኳር ደግሞ ቤት ውስጥ ለዓይን እንኳ የለም። ልጄ የሚጠየቅለትን ልጅ ትወደው ነበር። ባዶውን የስኳር ጣሳ እየከፈተች ታያለች።

«መራራ ሻይ ከቀረበላቸው ልጃችንን አንሰጥም ያልን ይመስላቸዋል» አለች ሚስቴ። «ዘንቢሉን ይዘህ ሂድ።»

«ፌስታሌ ምን ሆነ?»

«ዛሬ ነፋስ ነው።»

«እኔ ለነፋስ ብዬ ዘንቢል አላንጠለጥልም።»

ሄጄ ፌስታሌን ሰባተኛ አሰለፍኩት። እንዳይቀደድ ሳስቼለት ትንሽ ድንጋይ ብቻ ከተትኩበትና ማዶ ተቀመጥኩ። የናዝሬት ነፋስ ቆርቆሮ ያነሳል። መጣ፣ ድንጋዩን ደፋው፣ ፌስታሌን ወስዶ የግራሩ እሾህ ላይ ሰቀለው። ሮጬ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ጠመንጃ ያነገተው የቀበሌው ጥበቃ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰው አይሰለፍም።»

«ፌስታሌ ሄዶብኝ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም ይሂዱ።»

«እኔ ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?»

«እርስዎ መች ተሰለፉ? የተሰለፈው እሱ ነው።»

ማዶ ያሉት ሳቁ። ስምንተኛው ዘንቢል የአንዲት ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤታችን ባልቴት ነበር። «ወይ የአሰቡ ጌታ! ዕቃህ ሰማይ ቤት ገባልህ!» አለችኝ። ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ ያገኘሁትን እናገራለሁ።

«ፌስታሌ ከሰልፍ አልወጣም። ከፍ ብሎ ነው የተሰለፈው» አልኩ።

ጥበቃው ወደ ላይ አየ። መመሪያው ዕቃ ይሰለፍ ይላል እንጂ መሬት ላይ ይሁን አይልም። ግራ ገባውና ሊቀመንበሩን ጠራ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ተሰልፏል። ግን ስንተኛ ነው?» አለ።

ከተቀመጡት አንዱ ግንበኛ ነበር፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ቱምቢ ከኪሱ አወጣ። ጥበቃው ጠመንጃውን ለሊቀመንበሩ ሰጥቶ ዛፉ ላይ ወጣና ቱምቢውን ከፌስታሉ ሥር በክር ለቀቀው። ነፋሱ ያወዛውዘዋል። ሦስተኛው ዘንቢል፣ ስድስተኛው፣ ደግሞ ሦስተኛው።

«ኧረ ያዘው!»

«አትያዘው፣ ራሱ ይቁም!»

«ከኔ ፊት ነው እንዳትሉ፣ ልጆች አሉኝ!»

በመጨረሻ በሦስተኛውና በአራተኛው መሐል ቆመ። «አራተኛ ነዎት» አለኝ ሊቀመንበሩ። ደረቴን ነፋሁ። ጥበቃው ሲወርድ ደግነት አስቦ ፌስታሉን ጎተተልኝ፤ እሾሁ ከአፉ እስከ ቂጡ ሰነጠቀው።

ተራዬ ደረሰ። ሻጩ ሁለት ኪሎዬን መዝኖ፣ «በምን ላድርገው ኦቦ?» አለኝ። የተቀደደውን ዘረጋሁለት። ሳቀብኝ። በኮቴ ኪስ ላድርገው ስል ኪሱም ቀዳዳ ነው። እሑድ ዓይኔ ላይ መጣ፤ የልጄም ፊት መጣብኝ።

«ና ወዲህ» አለች ባልቴቷ። «የኔ ዘንቢል ውስጡ አቡጀዲ ተሰፍቶበታል። እዚያ ይገልብጥልህና ቤት እንካፈላለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ላምጣው።»

«ንክች እንዳታደርገው! ከቦታው ከተነሳ ተራዬ አለፈ።»

እውነቷን ነው። ስለዚህ የሷ ተራ እስኪደርስ ጠበቅኩ። አገር ሙሉ ለክቶልኝ አራተኛ የሆንኩት ሰውዬ ስምንተኛ ገዛሁ።

ዘንቢሉን እኔ ልያዝልሽ ብላት አላመነችኝም። አንዱን እጀታ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን በዋናው መንገድ ሄድን። እሷ አጭር እኔ ረጅም ስለሆንን ስኳሩ ሁሉ ወደሷ ይንከባለላል። ጋሪ ነጂዎች፣ «ሙሽሮች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!» ይሉናል። ቤቷ ስንደርስ በጣሳ ተካፈልን፤ ለኔ ጣሳ ስትሞላ በእጇ ደልድላ ጫን አደረገችልኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው መጡ። የአባት ወግ ሽማግሌን፣ «እስቲ እንመክርበት፣ ተመለሱ» ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ማመላለስ ነው። እኔም ሦስቴ ላመላልሳቸው ቆርጬ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ግን በአንድ ስኒ ሻይ አምስት ማንኪያ ይጨምር ጀመር፤ ሌሎቹም አዩት። ሚስቴ ስኳሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በዚህ ዓይነት ለሁለተኛ ቀጠሮ የሚተርፍ የለም።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ፣ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳላቸው።