ታዙኮ ሳታይ ስኪ አትሸጥም

ኩሮሳዋ መንደር ውስጥ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ስኪ የሚሸጡ አራት ሱቆች አሉ። የታዙኮ ከሁሉም ትንሹ ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያውም ይርቃል። እኔ ከሱቋ በላይ ያለውን፣ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣውን የወንበር ሊፍት ሠላሳ ክረምት አንቀሳቅሻለሁና የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ባሏ ሞቶ ሱቁን ስትረከብ ዕድሜዋ አርባ አልሞላም። ተጫዋችና ገበያ አዋቂ ነበረች። በዚያው ዓመት የልብ ጓደኛዋ ሱሚዬ፣ የመንደሩ አስተማሪ፣ መጣችና ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ረጅሙንና አልለመጥ ባዩን ስኪ ጠየቀች። ሱሚዬ መካከለኛ ናት፤ ማሽን በደለደለው በረዶ ላይ ሳትወድቅ ትወርዳለች፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ስኪው እንደማይሆናት ታዙኮ ልቧ አውቆታል። ጓደኛዋን ማሳፈር ግን ከበዳትና "ያምርብሻል" ብላ ሰጠቻት።

በሦስተኛው ቀን ስኪው አልታጠፍ አላትና ቁልቁለቱ ዳር የተወጠረው መከላከያ መረብ ላይ ወረወራት። የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። በቃሬዛ ካወረዷት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ሱሚዬ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። እያነከሰች በየቀኑ ሱቁ ትመጣለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለች። ስለዚያ ስኪ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። "ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር" አለችኝ ታዙኮ አንድ ቀን።

ከዚያ ወዲህ ታዙኮ ገዢው ሲንሸራተት ሳታይ ስኪ መሸጥ ተወች። ጠዋት ሱቋን ቆልፋ ትወጣና ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ቆማ ታያለች። ማን በጭኑ እንደሚታገል፣ ማን ፈርቶ ወደ ኋላ እንደሚለጠጥ ለይታ ታውቃለች። ባለ ሱቆቹ "ታዙኮ ዛሬም ሙሽራ ልትመርጥ ወጣች" እያሉ ይስቁባት ነበር። ገበያዋም ቀነሰ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ኢሶጋይ የሚባል የናጎያ ከተማ የባንክ ሠራተኛ መጣ። አምሳውን የደፈነ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ተሸክሞት የመጣው ስኪ ከመዳፍ የሰፋ ነበር፤ አሁን ደግሞ መቶ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን ሊገዛ ፈለገ።

"መጀመሪያ ሲንሸራተቱ ልይዎት" አለችው።

"ፈተና አለው እንዴ?"

"የሚፈተነው ስኪው ነው፣ ጌታዬ።"

እያጉረመረመ ወጣ። ከላይ እስከ ታች አራት ጊዜ ቆመ፤ ታች ሲደርስ ጭኖቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ለምሳ ሱሚዬ በያዘችው ቁልፍ የታዙኮ ሱቅ ገብቼ ጎመን የታሸገበት ትኩስ ኦያኪ ዳቦዬን ስበላ፣ ሱሚዬም ሻይዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ታዙኮና ሰውየው ተመለሱ።

"እግሬ አርጅቷል" አለ ሰውየው። "አዲሱ ካላዳነኝ ዘንድሮ እተወዋለሁ።"

"እግርዎ ደህና ነው። ይሄ ሰፊው ለጥልቅ በረዶ የተሠራ ነው። እርስዎ የሚውሉት በተደለደለው ላይ፤ በታጠፉ ቁጥር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ይታገላሉ።" ሌላ ጥንድ አወረደችለት። ወገቡ፣ ማለት የመሃሉ ስፋት፣ ሰባ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። ስታቆመው የሰውየው አፍንጫ ሥር ደረሰ፤ ጫፉን በእጇ ስትጫነው እሺ ብሎ ተለመጠ። "ይሄ የተደለደለውን በረዶ ነክሶ ይይዛል፤ ትንሽ አዲስ በረዶ ቢጥልም አያሳፍርዎትም።"

"አጭር ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ። እርስዎ ታች ሲደርሱ እነሱ ገና መሃል ላይ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው የሚስቁት።"

"እትዬ፣ የምገዛው እኔ ነኝ። ረጅሙን ይስጡኝ።"

"አልሰጥዎትም።"

ሰውየው ፊቱ ቀላ፣ ጓንቱን አነሳ። ይሄኔ ሱሚዬ ኩባያዋን አስቀምጣ የሱሪዋን እግር እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ጠባሳው እንደ ዚፕ ወርዷል።

"እኔ ረጅሙን ከዚችው ሱቅ ገዝቼዋለሁ" አለችው። "ያምርብሻል ብላኝ ነበር። እኔም ከእኔ እንደሚበልጥ እያወቅሁ ወሰድኩት፤ ኩራት ነው።"

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ነገሩ ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ጥፋቱም ለሁለት ተካፍሎ። ኢሶጋይ ጠባሳውን አየ፣ ታዙኮን አየ፣ ቀስ ብሎ ጓንቱን መለሰው።

"ልሞክረው እንግዲህ" አለ።

ከሰዓት በኋላ ሊፍቱ ላይ ቆጠርኩት፤ ሰባት ጊዜ ወጣ። ከሦስተኛው በኋላ መሃል ላይ መቆም ተወ። በሰባተኛው ዞሮ "ጌታዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትዘጉት?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደ ተማሪ ልጅ።

ሱቁ ስደርስ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የታዙኮ ዓይን ቀልቷል። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሻይ ብቻ ስታጠጪኝ" ትላታለች ሱሚዬ፣ "አንድ ቀን እንኳ ብስኩት አይገባኝም ነበር?"

ኢሶጋይ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ በየዓመቱ ጥር ላይ ሚስቱን ይዞ ይመጣል። ሳቂዎቹ ባለ ሱቆችም መካከለኛ ሰው ሲያስቸግራቸው "ወደ ታዙኮ ሂድ" ይላሉ። እሷ ስልሳ ስምንት ሞልቷታል፤ ዛሬም በመጀመሪያው ወንበር ነው ያሳፈርኳት።